ከደረቴ ላይ የደረብሁት ገበር

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቆቦ፣ ከገበያው ወደ አስፋልቱ በሚያወጣው መንገድ፣ ከባሌ እናት ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አቁሜ እሰፋለሁ። ይህን በቅድሚያ የምናገረው ለማስታወቂያ አይደለም። ሕመሜን ዓመት ያህል ደብቄ ያቆየሁት በዚሁ ሙያዬ ስለሆነ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን በወሩ ይነቃባት ነበር፤ የኔ እጅ ግን ጎበዝ ነውና ጉድ ሠራኝ።

የማወራው የሴት ገመና ነው። «ምነው ጦይባ፣ ይኼንስ ለራስሽ ብትይዥው?» ያሉኝ አሉ። ለራሴ ይዤው ነበር እኮ! ይዤው ነው ዓይኔ ሊጠፋ፣ ትዳሬ ሊፈርስ የደረሰው። ስለዚህ አወራለሁ፤ ያፈረ ጆሮውን ይድፈን።

ሁሴንን ያገባሁት ተዋደን ነው። ባገባን በስድስተኛው ወር ወር አበባዬ ቀረ። አማቴ እማ ሐሊማ ከእኔ ቀድመው አወቁ። ስምንት ልጅ የወለዱ ሴት ናቸው፤ ከእርሳቸው ዓይን የሚያመልጥ የሴት ነገር የለም። ከባድ ነገር እንዳላነሳ ከለከሉኝ፤ ውሃውን ራሳቸው ይቀዱ ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄጄ ሽንቴን ብሰጥ ግን እርግዝና የለም ተባልሁ። በወሩም ሄድሁ፤ የለም። እማ ሐሊማ «መሣሪያቸው ነው የተበላሸው» ብለው ውሃ መቅዳታቸውን ቀጠሉ።

በዚያው ሰሞን ሁሴን ለሾፌርነት ሳውዲ የሚሄድበት ኮንትራት ወጣለት። አሁን የሚያሳፍረውን ልናገርና ይውጣልኝ። ከመሄዱ በፊት ገላዬ እምቢ ብሎ ነበር። ሁሴንን እወደዋለሁ፤ ከሥራ ሲመጣ ድምፁን ስሰማ ልቤ ደስ ይለዋል። አልጋ ላይ ሲቀርበኝ ግን ፍላጎት የሚባል ነገር ከእኔ ጠፍቷል፤ ያመኛልም። ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር፤ እሱ ደግሞ ያውቅብኛል። ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «የምታስቢው ሌላ ሰው አለ?» አለኝ።

«ወላሂ የለም!»

«እንግዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

ምን ብዬ ልመልስለት? እኔም አላውቀው። መልስ ሳያገኝ ሄደ።

ከሄደ አምስት ወር ቢሆነው ነው። መኪናዬ ላይ ጎንበስ ብዬ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ የቀሚሴ ደረት ረጥቦ አየሁት። የቆቦን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ላብ ነው ብዬ ናቅሁት። ጓዳ ገብቼ ልለውጥ ስል ግን ነጭ ነው። ጡቴን ተጫንሁት፤ መጣ። ወተት! ልጅ ያልወለድሁ፣ ባሌ ባሕር ማዶ ያለ ሴት! ያ ረቢ፣ ምን ጉድ ነው ብዬ በሩን ዘግቼ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። የታየኝ ሕመም አልነበረም። የታየኝ የሰው ፊት ነው።

በዚያው ቀን አቡጀዲ ቆርጬ የቀሚሴን ደረት ከውስጥ ደረብሁት። እንዳያሳልፍም ከመሃሉ የአሮጌ ፎጣ ቁራጭ አስገባሁበት። ስፌቱ ከውጭ አይታይም። በሳምንት ውስጥ አምስት ቀሚሶቼን እንዲያ አድርጌ ጨረስሁ። ሥራው እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ፤ ደንበኛ ቢያየው ዋጋ እጨምርበት ነበር።

ከዚያ ራስ ምታቱ ተከተለ። ከግንባሬ ጀርባ ሰቅዞ ይይዘኛል። ያልሄድሁበት ክሊኒክ የለም። አንዱ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ፤ አንዱ ነርቭ ነው አለ፤ አንዱ የደም ማነስ ብሎ ሥጋ ብይ አለኝ፤ አንዱ የስፌት ሥራ ዓይንሽን አድክሞታል ብሎ መነጽር አስገዛኝ። ከወረፋው አግዳሚ ላይ እናቶች ሕፃን አቅፈው ይቀመጣሉ። ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር እኔ ሻርፔን ወደ ደረቴ እስባለሁ፤ ሰው ሁሉ እኔን የሚያይ ይመስለኛል።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሐኪሞቹን ብቻ አልወቅስም። ለአንዱ ራሴን አመመኝ አልሁ። ለአንዷ ነርስ ወር አበባዬ ቀረ አልሁ። ለመነጽሩ ሰው ዓይኔ ደከመ አልሁ። ስለ ወተቱ ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላልሁም። ለአንዱ እጅጌውን፣ ለሌላው አንገትጌውን እየሰጠሁ ቀሚሱን እንዴት አላወቃችሁትም እንደማለት ነው።

እማ ሐሊማ በዚያን ጊዜ እናቴ ነበሩ ብል አልዋሸሁም። ከሸሁ ቤት ወስደው ዱዓ አስደረጉልኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ ያልፋል» ይሉኝ ነበር። ሮቢት ያለችው እህቴ ዘሐራ ሴት ልጅ ስትወልድም «ሂጂ፣ እህትሽን አርሻት፤ የአንችም ልብ ያርፍልሻል» ብለው ራሳቸው ሸኙኝ። ሁለት ወር ቆየሁ። የዘሐራን ልጅ ሳቅፋት ደረቴን እያሸተተች ታለቅስብኝ ነበር። አንድም ቀን አላጠባኋትም፤ አላህ ያውቃል። ፈርቼ ለእናቷ እመልሳታለሁ።

ከሮቢት በተመለስሁ በወሩ ወባ ጣለኝ። እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስንቀጠቀጥ እማ ሐሊማ አዝነውልኝ ልብሴን ሊያጥቡ አወጡ። መጨረሻዬ የመጣው በደግነታቸው ነው። ደረቅ ገበሩን በእጃቸው ይዘው ካጠገቤ ቆሙ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ገበር ነው።»

«ገበርነቱንማ አያለሁ። ስምንት ልጅ ያጠባሁ ሴት፣ የኮመጠጠ ወተት ሽታ ልታስተምሪኝ ነው?»

ብርድ ልብሱን ወደ ደረቴ ሳብሁ። ቀርበው የለበስሁትን ቀሚስ ደረቱን በመዳፋቸው ያዙት። እርጥብ ነበር። እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡት።

«የዘሐራን ልጅ ማን ነው የወለዳት?» አሉኝ።

ወይኔ! ሐሳባቸው የት እንደደረሰ ያን ጊዜ ገባኝ። ባሌ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ እኔ ሮቢት ሁለት ወር ቆይቻለሁ፤ እዚያ ቤት ሕፃን አለች፤ እኔ ወተት አለኝ። ለእርሳቸው ያለቀ ነገር ነው። በሦስተኛው ቀን ሮቢት ድረስ ሄደው የሕፃኗን ፊት አገላብጠው አዩ። ተመልሰው «አፍንጫዋ የጦይባ ነው!» አሉ። አክስቷ አይደለሁ እንዴ? የማን አፍንጫ ሊሆን ኖሯል?

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሌላ ወንድ እንደማላውቅ በቁርኣን ማልሁ። ሽማግሌዎቹ ሊያምኑኝ ጀምረው ነበር፤ ከሴቶቹ በኩል እማ ሐሊማ «ወተቱስ?» አሉ። ለወተቱ የምምልበት ነገር አጣሁ። እንዴት እንደመጣ እኔም አላውቅማ! ለሁሴን ስልክ ተደወለ። እሱ ሲሄድ የያዘው ጥያቄ አለ፤ አሁን መልሱን ያገኘ መሰለው። «ፍቺውን መጥቼ እጨርሳለሁ። እስክመጣ ከግቢ እንዳትወጣ» አለ። ለእኔ ስልኩን እንኳ አላቀረቡልኝም።

እስር ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ከዚያ ግን ይብሳል አልልም ይሻላልም አልልም። ሐኪም ቤት ልሂድ ብል «ወተቱን ልታስደርቅ ነው» ይሉኛል። ሮቢት ልሂድ ብል «ወደ ልጇ ሄደች» ነው። ዝም ብዬ ብቀመጥ ዓይኔ እየሄደ ነው። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ይታየኛል፤ በግራና በቀኝ ያለው ግን እየጨለመ መጣ። ደንበኛ ከጎኔ ቆሞ ሰላም ሲለኝ ስለማላየው «ጦይባ ከነነውሯ ኮራች» ተባለ። ስፌቴ ከጫፍ ይስት ጀመር። በቀን ስንት ጊዜ ከአጥሩ ውስጥ ተቀምጬ የሚያልፉትን አውቶቡሶች በድምፃቸው ብቻ እቆጥር ነበር። እማ ሐሊማ ምግቤን አይከለክሉኝም፤ አያናግሩኝም እንጂ። 

ያወጣኝ ባጃጅ ነው። ለቅሶ የማይቀር ነውና እማ ሐሊማ አስከትለውኝ አስፋልቱን ስናቋርጥ በግራዬ መጥቶ ትከሻዬን ገጭቶ ጣለኝ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፍቷል፤ ሰውም ጮኋል፤ እኔ ግን ከየት እንደመጣ አላየሁም።

«ምነው ዓይንሽ እያየ!» አሉ እማ ሐሊማ።

«አላየሁትም እማ።»

«ግመል የሚያክል ነገር?»

«ወላሂ አላየሁትም።»

ወልድያ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ትከሻዬን የጠገነው ወጣት ሐኪም የጠየቀኝን አልረሳም። «አፍንጫዬን እያየሽ ጣቴ ሲታይሽ ንገሪኝ» ብሎ እጁን ከጎን ወደ መሃል ቀስ አድርጎ አመጣ። አፍንጫው አጠገብ ሲደርስ ነው ያየሁት። በሌላኛውም ጎን እንዲሁ። ፊቱ ተለወጠ፤ «ይኼ የመነጽር ነገር አይደለም» ብሎ ለአዲስ አበባ ወረቀት ጻፈልኝ።

እማ ሐሊማ «ብቻዋን አትሄድም» አሉ። ሊያስታምሙኝ እንዳይመስላችሁ። የሁሴን አደራ አለባቸው፤ ሊጠብቁኝ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ እኔን ከመስኮቱ በኩል አስቀምጠው እርሳቸው ከመተላለፊያው ተቀመጡ። አዲስ አበባ ደርሰን ሆስፒታሉ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ቀን ወረፋ ጠበቅን። በሁለተኛው ቀን ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ትልቁን ወደ እኔ ገፉት። ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ጠረጴዛዋ ላይ ብዙ ጥያቄ የታተመበት ወረቀት አለ። «ወር አበባቸው በቀረባቸው ሴቶች ላይ ጥናት እያደረግን ነው» አለችኝ። «ብትስማሚ መልስሽን ከሌሎች ጋር አንድ ላይ እናየዋለን፤ ስምሽ አይጻፍበትም። ካልፈለግሽ ደግሞ እምቢ በይ፤ ሕክምናሽ አይቀርብሽም።» እምቢ በይ የሚለኝ ሰው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! እሺ ብዬ ፈረምሁ።

«እማማ፣ ውጭ ቢጠብቁን?» አለቻቸው።

«አልወጣም። ልጠብቃት ነው የመጣሁ።»

ወደ እኔ ዞረች። «ይቆዩ?» ይውጡልኝ ብል የምደብቀው አለኝ ማለት ነው። «ይቆዩ» አልሁ። ጥያቄው ቀጠለ፤ ወር አበባ መቼ ቀረ፣ ራስ ምታት አለ፣ መድኃኒት ትወስጃለሽ? ሁሉንም መለስሁ። ከዚያ ቀና ብላ «ከጡትሽ ወተት ወይም ፈሳሽ ይወጣል?» አለች።

ስንት ክሊኒክ ስዞር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔስ ምን መለስሁ? «አይወጣም!» አልሁ። እዚያ ድረስ ሄጄ፣ ዓይኔ እየጠፋ፣ ዋሸሁ። ሻርፔን ወደ ደረቴ ሳብሁ።

እማ ሐሊማ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይወጣል እንጂ! እንደ ምንጭ ነው የሚወጣ! ባሏ ዓረብ አገር ተቀምጦ የማንን ልጅ እንደምታጠባ ጠይቂልኝ እስቲ! ገበር ሰፍታ ነው የምትደብቀው!»

 እኔ መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ። ሐኪሟ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እንደ ትልቅ ስጦታ ቆጥራው «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው። «ይኼን ባይነግሩኝ ብዙ እንዘገይ ነበር። ይቀመጡ።»

ከዚያ ለሁለታችንም አስረዳችን። ከአንጎል ሥር፣ ከዓይን ጀርባ ገባ ብሎ፣ ሽምብራ የምታክል ፒቱታሪ የምትባል እጢ አለች። ለሰውነት ትእዛዝ የምትሰጠው እሷ ናት። አንዳንድ ሰው ላይ እዚያ እብጠት ይወጣና ልጅም እርግዝናም ሳይኖር ወተት ና የሚለውን ሆርሞን ያለ ልክ ያመርታል። እሱ ሲበዛ ወር አበባው ይቆማል። እብጠቱ ሲያድግ ደግሞ በላዩ የሚያልፉትን የዓይን ነርቮች ይጫናል፤ የጎን እይታ የሚጠፋው ለዚያ ነው። ደምና የራስ ምርመራ ሳናይ አልፈርድም፤ ግን ነገሩ ያንን ይመስላል አለች።

እማ ሐሊማ አፋቸውን ከፈቱ። «ልጅ ሳይኖር? ወንድ ሳይኖር?»

«ወንድ ላይም ይወጣል እማማ።»

«በወንድ! ሱብሓነላህ!» አሉና መልሰው ቁጭ አሉ።  አሁን ግን ውጭ ይጠብቁን ስትላቸው ተነሥተው ወጡ።

ብቻችንን ስንቀር ሐኪሟ ስለ መኝታ ጠየቀችኝ። ፍላጎት አለሽ ወይ፣ መቼ ጠፋ፣ ያምሻል ወይ? ለሁሴን ያልመለስሁትን ለእሷ መለስሁ። «ይኼም ከዚያው ነው ጦይባ» አለችኝ። «ሆርሞኑ ነው ያጠፋው። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።» እዚያች ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። ባሌን የማልወድ ክፉ ሴት ነኝ እያልሁ ነበር እኮ የኖርሁት።

ደሜ ተመረመረ፤ ራሴም ኤም.አር.አይ. በሚሉት መሣሪያ ታየ። እንዳለችው ሆነ። ካንሰር አይደለም፤ ቢላም አላስፈለገኝም። እብጠቱን የሚያከስም ክኒን ታዘዘልኝ። ከምግብ ጋር ቀስ በቀስ እየጨመርሁ እንድወስድ፣ በራሴም እንዳላቆመው አስጠነቀቀችኝ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ጎብዬን አልፎ ሮቢት ሲቃረብ እማ ሐሊማ ድንገት «ሾፌር፣ አውርደን!» አሉ። ቆቦ ገና ነው ብላቸው አልሰሙኝም። ቀጥታ ዘሐራ ቤት ገቡ። እህቴ ስታያቸው ልጇን ወደ ደረቷ ጭብጥ አደረገቻት። እማ ሐሊማ ከደጃፉ ላይ ቆመው «ዘሐራ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ልጅሽ ያንችው ናት» አሉ። ዘሐራ «አፉ ብያለሁ» አለች። እኔን ግን ምንም አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ክኒኑ መጀመሪያ አሠቃየኝ። ያቅለሸልሸኛል፤ ብድግ ስል ያዞረኛል። በሳምንታት ውስጥ ግን ራስ ምታቱ ቀለለ። አንድ ቀን ስሰፋ በግራዬ ዶሮ ስትሄድ አየሁ። ዶሮ! መኪናዬን አቁሜ እስክትጠፋ አየኋት። ቀስ በቀስ ወተቱ ደረቀ፤ ከወራት በኋላ ወር አበባዬ መጣ። ለእማ ሐሊማ ብነግራቸው በረንዳው ላይ ወጥተው እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤት ማን ተዳረ ብሎ መጣ።

ያን ቀን አምስቱን ቀሚሶቼን ከሣጥን አወጡና ምላጭ ይዘው ሰው በሚያልፍበት በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ገበሩን መተርተር ጀመሩ። የሚያልፈው ሁሉ «ምን እየሠሩ ነው እማ ሐሊማ?» ይላል። «ልጄ ታማ ነበር፤ እኔ ስሟን አጠፋሁ። የሰፋችውን እየፈታሁ ነው» ይላሉ። ለሽማግሌዎቹም፣ ለሴቶቹም፣ አንድ በአንድ። አምስተኛውን ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው «አፉ በይኝ ጦይባ» አሉ። ወዲያው አልመለስሁም። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም አልፎ አልፎ እናደዳለሁ። ሲመሽ ራቴን ይዘው ሲመጡ ነው «አፉ ብያለሁ» ያልኋቸው።

ለሁሴንም ደውለው «እኔ ነኝ የዋሸሁህ» አሉት። በዓመቱ መጣ። ተፈራርተን ነበር። ያን የጠየቀኝን ጥያቄ አስታውሼ መልሱን ነገርሁት፤ ሐኪሟ ያለችኝን ቃል በቃል። ገላዬም ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተመልሷል፤ አልሐምዱሊላህ። ልጅ ወለድሽ ወይ ለምትሉኝ፣ ገና ነኝ። ክኒኔንም እወስዳለሁ። ልጅ መጣም ቀረም ድኛለሁ።

ባለፈው የገበያ ቀን አንዲት ወጣት ሴት ከጎብዬ መጣች። ቀሚስ ይዛለች። ግራና ቀኝ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እታለም፣ ደረቱን ከውስጥ ገበር ደርቢልኝ፤ እንዳያሳልፍ» አለችኝ። መኪናዬን መርገጥ አቆምሁ። «ልጅ አለሽ?» አልኋት። «የለኝም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። «ወር አበባሽስ?» እንባዋ መጣ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት «ምን ብዬ እናገራለሁ? አፌ እምቢ ይለኛል» አለች።

እማ ሐሊማ ከጓዳ ሰምተው ኖሯል፤ ሻርፓቸውን እየተከናነቡ ብቅ አሉ።

«ተነሺ ልጄ፣ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሏት። «ሐኪሟ ፊት ዝም ካልሽ እኔ እናገርልሻለሁ።»